ቡናም አንድ ጊዜ ተወግዞ ነበር፤ የጅማ ልጆች፣ አኒሜና የክርስቲያን ቤት ፍርድ

«ክርስቲያን አኒሜ ማየት ይችላል?»

ይህ ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤም፣ በወንጌላውያን የወጣቶች ፕሮግራምም ይነሳል። ጅማ ላይ ይነሳል፣ አጋሮ ላይ ይነሳል፣ ሊሙ ገነት ላይም ይነሳል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የአሥራ አምስት ወይም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። መላሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊልሙን አይቶት የማያውቅ ትልቅ ሰው ነው። መልሱም አጭር ነው፤ «የሰይጣን ሥራ ነው፣ ተወው!» ልጁ ዝም ይላል። ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስልኩን ይከፍታል።

መልሱን የሚሰጠው ሰው እጅ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሲኒ ቡና አለ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን የጅማ ታሪክም የሚጀምረው ከዚያ ሲኒ ነው። ከመቶ አርባና መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ያን ሲኒ የያዘ ሰው ክርስትናው ራሱ ይጠየቅ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የተወገዘው ሲኒ

ዛሬ ቡናን «የኢትዮጵያ መጠጥ» ብሎ ለዓለም የሚያስተዋውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ይገርመዋል። በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የነበሩ ኦርቶዶክሳውያን ክርስቲያኖች ለረጅም ዘመን ቡና አይጠጡም ነበር። ካህናቱ የሙስሊም መጠጥ ነው ብለው ይከለክሉ ነበር። ጫትም፣ ትንባሆም ከዚያው መዝገብ ውስጥ ነበሩ። ክርስቲያን መሆኑን በአንገቱ ማተብ የሚያሳይ ሰው፣ ባለመጠጣቱም ያሳይ ነበር።

ክልከላው የቆመው በቡናው ጠባይ ላይ እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ቡና ያሰክራል ያለ የለም፤ ቤት ያፈርሳል ያለም የለም። ጥያቄው «ማን ይጠጣዋል?» የሚል ብቻ ነበር። ሙስሊሙ ነጋዴ ይጠጣዋል፤ በጊቤ ማዶ ያለው ኦሮሞ ለአያናው ሥርዓት ያፈላዋል፤ እንግዲህ የእኛ አይደለም። ፍርዱ በፍሬው ላይ ሳይሆን በጎረቤቱ ላይ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚያስረዱት፣ በተለይ ከ1880 እስከ 1886 ባሉት ዓመታት ቡና መጠጣት በክርስቲያኑ ዘንድ በፍጥነት ተስፋፋ። ለዚህም ሁለት ሰዎችን ይጠቅሳሉ። አንዱ ራሳቸው ቡና ይጠጡ የነበሩት ምኒልክ ናቸው። ሌላው አቡነ ማቴዎስ ናቸው። አቡኑ፣ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናቱን እምነት ለማስወገድ ብዙ እንደደከሙ ተጽፏል።

አቡነ ማቴዎስ በ1881 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከግብፅ ካስመጧቸው አራት ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ያደጉበት አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቡና የሚጠጣበት አገር ነው። ለሸዋ ካህን ቡና የሃይማኖት ድንበር ነበር፤ ለእሳቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ የሚያውቁት መጠጥ ነው። ክልከላውን ለመመርመር የረዳቸው ምናልባት ይኸው ነው። የተከለከለውን ነገር በቅርብ ያውቁታል።

ሌላም የማይሸሸግ ነገር አለ። በ1882 በእምባቦ ጦርነት ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፈው የጊቤን ምድር ንግድ በእጃቸው አስገቡ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር 2ኛም ግብር በመክፈል መንግሥታቸውን አተረፉ። ቡና የሚበቅልበትና የሚተላለፍበት ምድር የሸዋ ገቢ ሆነ። ቡና ከ«የእነሱ» ወደ «የእኛ» በተሻገረበት በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ውግዘቱም ላላ። ይህ መገጣጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም የሃይማኖት ፍርድ አንዳንዴ ከመጽሐፍ ይልቅ ከገበያ ኋላ እንደሚሄድ ያስጠረጥራል።

ከዚህ ታሪክ ቀላሉን ትምህርት መውሰድ ግን ስህተት ነው። «ቡናም ተከልክሎ ነበር፤ እንግዲህ የተከለከለ ሁሉ አንድ ቀን ይፈቀዳል» የሚል አለ። ትንባሆን ይመልከት። አፄ ዮሐንስ ትንባሆ የሚያጨሱትን በጽኑ ይቀጡ ነበር። ከቡና ጋር በአንድ ዓይነት ዓይን ይታይ ነበር። ቡናው ወጣ፤ ትንባሆው ግን ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የተነወረ ነው፣ ሕክምናውም ከካህኑ ጋር ተስማምቷል። ስለዚህ አባቶች ሁልጊዜ ይሳሳታሉ ማለት አይቻልም። ከሁለቱ አንዱ በጎረቤት የተፈረደበት፣ ሌላው በጠባዩ የተፈረደበት ነበር። ጊዜ ያጠራው ይህን ልዩነት ነው።

ቡናው ከተፈቀደ በኋላም ፍርዱ አላለቀም። በብዙ ቤት ቡና ለዛርና ለውቃቤ ሲፈላ፣ ቄጠማው ሲጎዘጎዝ፣ ፈንድሻው ለማይታይ እንግዳ ሲበተን ኖሯል። ሰባኪያን ዛሬም ይህን ይነቅፋሉ። ይህን የሚነቅፍ ካህን ግን ቡናውን አይነቅፍም፤ ስብከቱን ጨርሶ ራሱ ይጠጣል። ፍሬውን ከአጠቃቀሙ መለየት ተምሯል። ይህ መለየት በአንድ ቀን አልመጣም።

2. «ሰይጣን ቤት»

ሁለተኛው ፍርድ የወደቀው በተንቀሳቃሽ ሥዕል ላይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ፣ ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚባለው አካባቢ፣ ፊልም የሚታይበት ቤት ተከፈተ። ሕዝቡ ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። «ሰይጣን ቤት» አለው። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ነፍስ የሌለው ሸራ ላይ፣ የሞቱም ያሉም ሰዎች ሲንቀሳቀሱ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበለው?

ይህን ስም የዛሬ ወጣት እየሳቀ ይጠቅሰዋል። ከሳቁ በፊት ግን ስሙን ያወጣውን ሰው መረዳት ይገባል። ያ ሰው ሥዕል ያውቃል። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ሲጸልዩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በስድስት ክንፋቸው፣ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተስበው ደብረ ዳሞ ሲወጡ እያየ አድጓል። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሃይማኖቱን የተማረው ከእነዚህ ሥዕሎችም ጭምር ነው። ስለዚህ ሥዕል ሰውን እንደሚቀርጽ አሳምሮ ያውቃል። ሥዕል ጨዋታ አይደለም ብሎ ያምናል። አዲሱ ሥዕል ማንን እንደሚቀርጽ ስላላወቀ ፈራ። ፍርሃቱ ሞኝነት አልነበረም። የጎደለው ገብቶ ማየቱ ነበር።

ጅማ ሲኒማን ያገኘችው በሌላ በር ነው። አባ ጅፋር 2ኛ ከ1878 እስከ 1932 ገዝተው ሲያርፉ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ታላቁ ገበያ ደግሞ ከታች ሂርማታ። ጣሊያን በወረረበት ዘመን ከተማዋን በዚያ ሜዳ ላይ ቀይሶ የደቡብ ምዕራቡን ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። መንገዱ፣ አደባባዩ፣ የቢሮው ሕንጻ ያኔ ተሠራ። ሲኒማ ቤትም ከእነዚህ ጋር መጣ። የፋሽስት መንግሥት ሲኒማ የሚያሠራው ለመዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ የዘር ሕጉ ነጩንና ጥቁሩን በየመቀመጫው ለይቶ፣ ሸራው ላይ የሮማን ኃያልነት ያሳይ ነበር። በዚያን ጊዜ ሲኒማውን «ሰይጣን ቤት» ያለ የጅማ ሰው ቢኖር ብዙም አልተሳሳተም።

ጣሊያን በ1941 ሄደ፤ ሲኒማው ቀረ። ይኸው ዕቃ ጌታውን ሲለውጥ ሥራውንም ለወጠ። የህንድ ፊልም መጣ፣ የካውቦይ ፊልም መጣ። በ1975 ደርግ ሲኒማ ቤቶችን ሲወርስ ደግሞ ሸራው ሌላ ዓይነት ስብከት ይሰብክ ጀመር። በአንድ ሸራ ላይ በአርባ ዓመት ውስጥ ሦስት መንግሥታት ሦስት ዓይነት ጀግና አሳዩ። ጀግና ማለት ማን ነው የሚለው ጥያቄ መቼም የፊልም ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

3. «አክተሩ አይሞትም»

ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ ከጣውላ የተመቱ አግዳሚ ወንበሮች። በቡና ከተሞች ደግሞ የራሱ ወቅት ነበረው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ሲለቀም፣ ለቀማ ለመጣው ወጣትና ለባለ ማሳው ልጅ ኪስ ሳንቲም ሲገባ፣ ቪዲዮ ቤቱ ይሞላል። የካራቴ ፊልም፣ የአርኖልድ ፊልም፣ የህንድ ፊልም ይታያል። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። የሚያውቀው አንድ ሕግ ነው፤ «አክተሩ አይሞትም»።

ያች አባባል ከፊልም ቤት ወጥታ በመላ አገሪቱ የቃል ጨዋታ ሆነች። በውስጧ ግን ትንሽ ነገረ ሃይማኖት አለች። ጥሩው ይደበደባል፣ ይወድቃል፣ ይቀበራል እስኪባል ይደርሳል፤ በመጨረሻ ይነሳል። ይህን ታሪክ ክርስቲያኑ ልጅ ከየት እንደሚያውቀው መናገር አያስፈልግም።

ቪዲዮ ቤትም ተወገዘ። እዚህ ላይ ግን ውግዘቱ ከ«ሰይጣን ቤት» ዘመን ይሻል ነበር፤ ምክንያቱም ዓይን ነበረው። ወላጁ ያየው እውነት ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ቀን የካራቴ፣ ማታ ደግሞ ለልጅ የማይገባ ፊልም የሚያሳይ ቤት ነበር። ቪዲዮው ከጫትና ከሺሻ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ። ፍርዱ «የውጭ ነው» ከሚለው ወጥቶ «ልጄን ምን አደረገው?» ወደሚለው ተሻገረ። የቡናው ክርክር ብዙ ዘመን የፈጀበትን እርምጃ የቪዲዮ ቤቱ ወላጅ በጥቂት ዓመታት ተራመደው።

ቀጥሎ ዲሽ መጣ። በአረብሳትና በናይልሳት በኩል የአረብኛ የልጆች ጣቢያዎች እቤት ገቡ፤ ስፔስቱን በ2000፣ ኤምቢሲ 3 በ2004 ሥርጭት የጀመሩ ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ልጅ የጃፓንን ካርቱን መጀመሪያ ያየው በአረብኛ ነው። የእግር ኳሱ ካፕቴን ፁባሳ ለዚያ ተመልካች «ካፕቴን ማጂድ» ነበር። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የአረብ ጣቢያዎቹ የጃፓኑን ሥራ እንዳለ አልለቀቁትም። ስም ለወጡ፣ መጠጥ ያለበትን ቆረጡ፣ ለባህላቸው የማይስማማውን አስወጡ። አንድ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ከሥራው ፊት ተቀምጦ፣ ክፍል በክፍል አይቶ፣ «ይህ ይግባ፣ ይህ ይቅር» አለ። የቆረጡት ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ግን አይተው ነው የቆረጡት።

በሁሉም ቦታ እንዲህ አልሆነም። በ2001 የሳዑዲ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ፖኬሞንን በፍጹም ከለከሉ፤ አንዱ ምክንያት ከቁማር ጋር ይመሳሰላል የሚል ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ የጣሊያን ጣቢያ ያንኑ ፖኬሞን አመስግኖት ነበር። አንድ ካርቱን፣ ሁለት አማኝ ዳኞች፣ ሁለት ፍርድ።

በኢትዮጵያም በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያሰማ ተመሳሳይ ክርክር ተነሳ። «ባህል ያጠፋል» ተባለ፣ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ተቃወሙ፤ ሕዝቡ ግን ከ«ጥቁር ፍቅር» ፊት አልተነሳም። ትልልቆቹ በቃና ሲከራከሩ፣ በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ አንድ አኒሜ መታየት ጀመረ። የዛሬው ልጅ የሚጠይቀው ስለ እሱና ስለ መሰሎቹ ነው።

4. ፀጉር የዋጠው ልጅ

«ማይ ሂሮ አካዴሚያ» ይባላል። ኮሄይ ሆሪኮሺ ከ2014 እስከ 2024 በሳምንታዊ የኮሚክ መጽሔት በሥዕል የተረከው፣ ቦንስ የተባለው ስቱዲዮ ከ2016 ጀምሮ ወደ አኒሜ የለወጠው ሥራ ነው። ልጆች በቴሌግራም ያወርዱታል፤ ኢንተርኔት የማይበቃው ፊልም ቤት ሄዶ ፍላሽ ላይ ያስጭነዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከመቶ ሰው ሰማንያው ልዩ ችሎታ ይዞ በሚወለድበት ዓለም፣ ኢዙኩ ሚዶሪያ የተባለ ልጅ ምንም ሳይኖረው ይወለዳል። ጀግና መሆን ይመኛል፤ ይሳቅበታል። አንድ ቀን ጓደኛው በአደጋ ሲያዝ፣ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ቆመው ሲያዩ፣ ምንም የሌለው ይህ ልጅ ሮጦ ይገባል። የዘመኑ ታላቅ ጀግና ኦል ማይት ይህን አይቶ ኃይሉን ሊያወርሰው ይመርጠዋል። ኃይሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ነው። ልጁ የሚቀበለውም የጀግናውን አንድ ፀጉር በመዋጥ ነው።

የሶምሶንን ታሪክ የሚያውቅ ክርስቲያን እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ልዩነቱንም ማየት አለበት። የሶምሶን ኃይል ከፀጉሩ አልነበረም፤ ከተሳለው ስእለትና ስእለቱን ከተቀበለው አምላክ ነበር። በገድላቱም ቅዱሱ አንበሳ ሲያዘው የራሱ ጉልበት አይደለም፤ ተሰጥቶት ነው። በአኒሜው ዓለም ውስጥ ግን ሰጪ የለም። ኃይሉ የሰውነት ጠባይ ነው፤ እንደ ቁመት፣ እንደ ዓይን ቀለም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ልጁም ሊነገረው ይገባል። ግን ጥንቆላ አይደለም። «መተት ያስተምራል» ብሎ ይህን ሥራ የሚያወግዝ ሰው ያላየውን እያወገዘ ነው። ልጁም ያንን ወዲያው ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውንም ምክር አይሰማም።

ሌላ አኒሜ ደግሞ አለ። «ጁጁትሱ ካይሰን» ስሙ ራሱ የመተትን ነገር የሚያነሳ ነው። እዚያ ዋናው ልጅ የሚውጠው የእርግማን ንጉሥ የሆነን ክፉ መንፈስ ጣት ነው፤ መንፈሱም በውስጡ ያድራል። ልጁ ያን ያደረገው ጓደኞቹን ለማዳን ነው፤ ታሪኩም ክፋትን አያሞግስም። ቢሆንም የደግ ሰው ፀጉር መዋጥና የክፉ መንፈስ ጣት መዋጥ ለክርስቲያን ቤት አንድ አይደሉም። «አኒሜ ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። የሚከለክለውም የሚፈቅደውም እኩል ይስታል።

«ማይ ሂሮ አካዴሚያ» ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ችግሩ ግን ወላጆች በሚፈሩት ቦታ የለም። ቀንድ ያለው ገጸ ባሕርይ ያስደነግጣቸዋል። ይልቅ የሚያስደነግጠው በመጀመሪያው ክፍል ባለው አንድ ንግግር ነው። ጉልበተኛው የክፍል ጓደኛ ኃይል የሌለውን ልጅ ሲሳለቅበት፣ በሚቀጥለው ሕይወትህ ኃይል ይዘህ እንድትወለድ ከጣራ ላይ ዝለል የሚል ምክር ይሰጠዋል። ነፍስ ተመልሶ መወለድ የሚለው እምነትና ራስን ማጥፋት በአንድ ትንፋሽ፣ በቀልድ መልክ ያልፋሉ። ታሪኩ ንግግሩን አይደግፈውም፤ የክፉ ልጅ ንግግር ነው። ነገር ግን በክፍሉ የሚሳለቁበት፣ ብቻውን በብርድ ልብስ ውስጥ የሚያይ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ አጠገቡ ማን አለ?

ሌላው ነቀፌታ የሴቶች አሣሣል ነው። ገና ተማሪ የሆኑ ልጃገረዶች ገላቸውን በሚያጎላ ልብስ ይሳላሉ። ሚኔታ የተባለ ገጸ ባሕርይ ሴት ልጆችን ማስቸገሩ እንደ ቀልድ ይታያል። ይህ ቀልድ አይደለም። የክርስቲያን ወላጅ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም የሴት ልጅ አባት ሊቃወመው የሚገባ ነው።

በጎውም ከዚሁ ሥራ ውስጥ አለ። እንዴቨር የተባለው ጀግና በአደባባይ የሚጨበጨብለት፣ በቤቱ ግን ሚስቱንና ልጆቹን የሰበረ አባት ነው። ታሪኩ በቀላሉ ይቅር አይለውም። ንስሐ ማለት ምን እንደሆነ፣ የተበደለው ይቅርታ የማድረግ ግዴታ እንዳለበትና እንደሌለበት ብዙ ክፍል ወስዶ ይመረምራል። ዋናው ክፉም ክፉ ሆኖ አልተወለደም፤ በልጅነቱ ደም ለብሶ መንገድ ላይ ሲሄድ ሁሉም «ጀግና ይደርስለታል» ብሎ ያለፈው ሕፃን ነበር። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ የተማረ ልጅ ይህን ሲያይ ስለምን እንደሆነ አይጠፋውም።

5. ከጃፓን ምን ይወሰዳል?

ክርስቲያን ኢትዮጵያ ጃፓንን ስትመረምር ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። የ1931ዱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ አንዱ ምሳሌው የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፤ ተመልሰውም ስለ አገሪቱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ኅሩይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደጋቸው ሰው ናቸው። የሄዱበት አገር ክርስቲያን አይደለም። «አረማዊ ነው» ብለው ፊታቸውን አላዞሩም፤ ሄደው አዩ፣ የሚጠቅመውን ለይተው ጻፉ።

ዘዴው ከኅሩይም ይርቃል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚቀደስበት አባት፣ ክርስቲያን ወጣቶች የአረማውያንን የግሪክ መጻሕፍት ያንብቡ ወይስ ይተዉ ለሚለው ጥያቄ መልስ ጽፎ ነበር። ምሳሌው ንብ ነበረች። ንብ በአበባው ሁሉ ላይ እኩል አታርፍም፤ ያረፈችበትንም ሙሉ በሙሉ አትወስድም። የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትታ ትሄዳለች። ይህ ምሳሌ ለጅማ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ከበልግ ዝናብ በኋላ ቡናው ነጭ ሲያብብ ንብ የምትሠራውን ያውቃል፤ የዚያን አበባ ማር ቀምሷል።

የንብ ሥራ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ አበባው ዘንድ መሄድ። ሁለተኛ፣ የሚጠቅመውን ማወቅ። ከልካዩ የመጀመሪያውን ይተወዋል፤ «ካርቱን ብቻ ነው» የሚለው ደግሞ ሁለተኛውን።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለአንድ ቤት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ።

አንደኛው፣ ኃይሉ ከየት ይመጣል፣ ለማንስ ይውላል? ከክፉ መንፈስ ጋር ውል ገብቶ የሚያሸንፍ ጀግናና ራሱን ለሌላው አሳልፎ የሚሰጥ ጀግና አንድ ላይ አይመዘኑም።

ሁለተኛው፣ ሰው እንዴት ይታያል? ሴቷ እንደ ሰው ወይስ እንደ ገላ? ጠላቱ እንደ ወንድም ወይስ እንደ ሥጋ? ብዙ አኒሜ የሚወድቀው በመጀመሪያው ጥያቄ ሳይሆን በዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ከፊልሙ በኋላ ልጁ ምን ይሆናል? እንቅልፉ፣ ትምህርቱ፣ ጸሎቱ፣ ለእህቱ ያለው አንደበት። ይህን ለማወቅ አኒሜ ማየት እንኳ አያስፈልግም፤ ልጁን ማየት ይበቃል። የቪዲዮ ቤቱ ዘመን ወላጅ በዚህ መስፈሪያ ነበር የሰፈረው።

በእነዚህ ሲመዘን «ማይ ሂሮ አካዴሚያ» ለአሥር ዓመት ልጅ አይሆንም። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አብሮት የሚያይና የሚያወያይ ትልቅ ሰው ካለ፣ ከብዙ የቴሌቪዥን ድራማ የተሻለ የመነጋገሪያ ርዕስ ይሰጣል። ትልቁ ሰው ከሌለ ግን መልሱ ይለወጣል። ያው ሥራ፣ ያው ልጅ፣ ሌላ ፍርድ። ቡናውም እንዲሁ ነው፤ ለእንግዳ ሲፈላና ለዛር ሲፈላ አንድ አይደለም።

6. ከአቦል እስከ በረካ

ቡናን ያወገዙት ካህናት በክፋት አላደረጉትም። መንጋቸውን ሊጠብቁ ነው። ነገር ግን ፍርዳቸው «ማን ይጠጣዋል?» በሚል ላይ ብቻ ስለቆመ፣ ጊዜው ሲለወጥ የሚይዘው አጣና ፈረሰ። ምክንያት ያለው ፍርድ፣ እንደ ትንባሆው፣ አልፈረሰም። ዛሬ ስለ አኒሜ የሚሰጠው መልስም ከሁለቱ አንዱን ዕጣ ያገኛል። «የጃፓን ነው፣ የሰይጣን ነው» የሚለው ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ «ሰይጣን ቤት» ይሳቅበታል። የሚያሳዝነው፣ ልጆቹ ሲስቁ ከእሱ ጋር ትክክለኛውን ማስጠንቀቂያም አብረው ይጥሉታል።

አደጋውም እዚህ ነው። የተከለከለ ልጅ ማየት አያቆምም፤ መጠየቅ ያቆማል። ስለ ጣራው ንግግር፣ ስለ ልጃገረዶቹ ልብስ፣ ነፍስ ተመልሶ ይወለዳል ስለሚለው ነገር የሚጠይቀው አባት፣ እናት፣ ንስሐ አባት ወይም መጋቢ አይኖረውም። የሚመልስለት የማያውቀው የቴሌግራም ግሩፕ ይሆናል።

የአንድ ክፍል አኒሜ ርዝመት ሃያ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። በጅማና በአጋሮ ቤት ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ከዚያ በላይ ይቆያል። «የሰይጣን ሥራ ነው» ለማለት ሲኒውን ያነሳው ትልቅ ሰው፣ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ «እስቲ አሳየኝ» ማለት ይችላል። አይቶ ቢከለክል ልጁ ምክንያቱን ይሰማል። አይቶ ቢፈቅድም፣ ልጁ ከእንግዲህ ብርድ ልብስ ውስጥ አይደበቅም።